የአምስት ሰው ዋስትናን ከአራት ሰው ክልከላ ጋር ለማስታረቅ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዘጌ ቡና ሥር እስከ ጢስ ዓባይ ያለህ፣ በስምህ ደመወዝ ወጥቶልህ የማያውቅ ሁሉ፤ ጀልባ ነጂ፣ ባጃጅ ሹፌር፣ ዓሣ ሻጭ፣ ጀበና ቡና አፍዪ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፤ ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቃችሁ ቁሙና ስሙ!

የኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን መግባቱ በመነገሩ፤

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታውጆ፣ በተከታዩ ደንብ 4 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብም ሆነ እጅ ለእጅ መጨባበጥ በመከልከሉ፤

ቱሪስት የሚባል ፍጥረት ከጣና ጠፍቶ፣ ጀልባው ሁሉ ዳር ላይ ታስሮ፣ በዓባይ መውጫ በኩል ያለ ፈቃድ የሚመላለሰው ጉማሬ ብቻ በመሆኑ፤

ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር በማቅረቡ፤ ሚያዝያ 22 ቀን ደግሞ ሥራቸው ቆሞም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር እንደሚነሣ በመነገሩ፤ እኛ ግን ቀጣሪውም ተቀጣሪውም ራሳችን ስንሆን ለራሳችን ደመወዝ መክፈል ስላቃተን ከዚህ ቸርነት ሳንቋደስ በመቅረታችን፤

ለኛ ቢጤም የማገገሚያ ብድር አለ ተብሎ በመወራቱ፣ ወሬውም እውነት ሆኖ በመገኘቱ፤

ብድሩን ለማግኘት ግን 5 ሆኖ መደራጀት፣ እርስ በርስ ዋስ መሆን፣ 5ቱም በአንድ ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ፊት በአካል ቀርቦ መፈረም ግድ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

አጭር ርዕስ የለውም። አጭር ነገር አይተን አናውቅም።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አበዳሪ» ማለት ስሙ የማይጠራ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን ብንጠራው ፋይሉ ጠፋ ይለናል። «ቡድን» ማለት ደግሞ ጀልባ ነጂው፣ ባጃጅ ሹፌሩ፣ ዓሣ ሻጯ፣ ባለጀበናዋና ባለጉዳይ የጠፋበት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ማለትም የዚህ አዋጅ አርቃቂ ነው።

አንቀጽ 3፤ ወለድ

እንደተለመደው።

አንቀጽ 4፤ አምስት ሆኖ ስለመቅረብ

1) 5ቱ የቡድን አባላት ለፊርማ በአንድ ጊዜ በአካል ይቀርባሉ።

2) በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ 4 ሆኖ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ የበሩ ጥበቃ 3 ሰው ብቻ ያስገባል።

3) በንዑስ አንቀጽ 2 የተደነገገው ቢኖርም፣ 3 ሆኖ የገባ ቡድን «አልተሟላም» ተብሎ ይመለሳል።

4) የተመለሱት 3 አባላት በር ላይ ከቀሩት 2 ጋር ሲገናኙ 5 ስለሚሆኑ ወዲያውኑ ይበተናሉ። በተበተኑ ጊዜ ግን ስማቸው ቢጠራ አልቀረቡም ይባላል።

5) የሚከተሉት በልዩ ሁኔታ ይታያሉ፦

ሀ/ ሰውነቱ ውጭ ሆኖ አንገቱን በመስኮት ያስገባ አባል እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል። ሁለት አንገት አንድ ሰው ነው፤ ሆኖም ለሁለት አንገት የሚሆን መስኮት ማቅረብ የአባላቱ ግዴታ ነው።

ለ/ ያገባ አባል ባለቤቱን ይዞ ይቀርባል። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ስለሆኑ ለጥበቃው እንደ አንድ፣ ለፊርማው እንደ ሁለት ይቆጠራሉ።

ሐ/ ያላገባ አባል ያላገባ ለመሆኑ ከቀበሌ ማስረጃ ያመጣል። ቀበሌው 3 ምስክር ይጠይቃል። 3 ምስክርና 1 አመልካች 4 ስለሚሆኑ ማስረጃው አይሰጥም። እንግዲያው ላግባ ያለ እንደሆነ፣ ሠርግም ስብሰባ ነው።

መ/ ጭምብል ያደረገ አባል ከመታወቂያው ፎቶ ጋር እንዲመሳከር ጭምብሉን ያወልቃል። ስላወለቀም ይቀጣል።

ሠ/ በጀርባ የታዘለ ሕፃን ሰው መሆን አለመሆኑ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

6) ከላይ ባሉት መንገዶች ሊስተናገድ ያልቻለ ቡድን ጣና ላይ ይፈርማል። 5 የደንገል ታንኳዎች፣ በያንዳንዱ ላይ አንድ አባል፣ በመካከላቸው ሁለት የመቅዘፊያ ርቀት ጠብቀው ይሰለፋሉ፤ የብድር ባለሙያው በስድስተኛው ታንኳ ማኅተሙን ይዞ ይዞራል፤ ዋና የማይችል ከሆነ ዋስ ይጠራል። በሐይቁ ላይ ደንብ አስከባሪ የለም፣ ያለው እምቦጭ ነው። እምቦጩም 4 ሆኖ እንዳይሰበሰብ ቢነገረው አልሰማም።

7) ይህ ንዑስ አንቀጽ በሕግ ቋንቋ ሊወጣልኝ ስላልቻለ እንዲሁ ይነበብ።

ዓሣ ሻጯ ልጇን አዝላ ከአበዳሪው ግንብ ሥር ቆማለች። በዐቢይ ጾም ነበር ገበያዋ የሚደራው (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንት እንተወው)፤ ዘንድሮ ምግብ ቤቱ ሁሉ ቀዝቅዞ፣ ፊሌቶ ያደረገችው ቀረሶ እላይዋ ላይ እየሸተተ ጾሙም ፋሲካውም አለፈ። እኛ ሦስታችን ውስጥ ነን። ባለሙያው እስክሪብቶውን በአልኮል ጠርጎ አስቀመጠና ቆጠረን።

«ሁለት ሰው ጎድሏል።»

«ውጭ ናቸው፤ ይኸው በመስኮት ይታያሉ።»

«መታየት አይደለም፣ መቅረብ ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። ስንወጣ ዱላ የያዘ ፖሊስ መጣ። «ተበተኑ! ስብሰባ ክልክል ነው!» «ብድር ልንፈርም ነው ጌታዬ» አለች ዓሣ ሻጯ። «ብድርም ቢሆን ስብሰባ ነው።» ልጁ አለቀሰ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አጥብቃ «እንግዲህ አንዱን ወስኑልን» አለች። የሚወስን አልነበረም፤ ፖሊሱ ስለ ብድር አያውቅም፣ ባለሙያው ስለ ፖሊስ አያገባውም።

ክልከላው ልክ ነበር። በሽታው ውሸት አልነበረም፣ ማንም እንዲያ አላለም። የቡድን ዋስትናም ከንቱ ነገር አይደለም፤ የቤት ካርታ የሌለው ድሃ የሚያሲዘው ጎረቤቱን ነው። በባንግላዴሽ መሐመድ ዩኑስ ግራሚን ባንክን ያቋቋሙት 5 5 ሰው እያቧደኑ ነበር። ነገሩ የሚሠራው ግን አንዱ ሲወድቅ አራቱ ቆመው ሲጠብቁት ነው። ቱሪስቱ የጠፋበት ጀልባ ነጂ፣ ተሳፋሪው በግማሽ ለተቀነሰበት ባጃጅ ነጂ ዋስ ቢሆን፣ እሱም ደንበኛ ለጠፋባት ባለጀበና ዋስ ቢሆን፣ 5ቱ በአንድ ሳምንት ከወደቁ ማን ማንን ያነሣል? የብድሩን መመሪያ የጻፈው ሰው ለመሆኑ በዚያ ሰሞን በየትኛው አገር ነበር? ሁለቱን ወረቀት፣ መመሪያውንና ደንቡን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? የሚጎድለው «በተራ ይፈርሙ» የሚል ነበር። ሁለት ቃል! እኔ በጃንጥላ ሥር ተቀምጬ በ20 ብር እጽፍላቸው ነበር። በዱቤም እጽፍላቸው ነበር።

8) ባጃጅ ሹፌሩ ወደ መተማ ሄዷል፣ ለሰሊጥ አረም። ባጃጁ የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ የቀን ገቢውን አልተወለትም። ሲሄድ እጅ መጨባበጥ ክልክል ስለሆነ በክርናችን ተገፋፍተን ተለያየን። በዚህም መሠረት ቡድኑ 4 ሆኗል። ለፖሊስ በዛን፣ ለብድር አነስን። ፋይሉ ተዘግቷል።

አንቀጽ 5፤ የብድሩ አጠቃቀም

ሲገኝ ይወሰናል።

አንቀጽ 6፤ የቤት ኪራይ

በደንቡ አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር አይችልም። የአርቃቂው አከራይ ደንቡን አክብራለች፤ አላስወጣችውም፣ አልጨመረችበትም። መብራቱን ብቻ ቆርጣለች።

አንቀጽ 7፤ ቅጣት

ይህን አዋጅ የጣሰ ይቀጣል። ያከበረም እንደ ሁኔታው።

አንቀጽ 8፤ የተሻሩ ሕጎች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ደንብ፣ መመሪያ ወይም የአሠራር ልምድ አይሻርም። እርስ በርሱ የሚቃረንም እንዲሁ ይጸናል።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ 5ቱ አውጪዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣ በአካል ቀርበው ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም.