ይድረስ በ5 ዓመትዎ ጡረታ ለወጡት ክቡር ዕቅድ

ለብሔራዊ የሕፃናትና የአፍላ ወጣቶች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ
ባሉበት መሳቢያ

ጉዳዩ፦ ባልተመቸ ዕድሜ ስለታመሙ ልጆች ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ሽፋንዎ ላይ በታተመው ዘመን፣ ከ2019 እስከ 2023 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜዎ 5 ዓመት ነበር። የታደሉ ነዎት፤ ታመው ቢሆን ኖሮ የሕፃናት ክፍል ያለ ክርክር ይቀበልዎት ነበር። ስምዎ ላይ ያሰፈሯቸው «አፍላ ወጣቶች» ግን ይህ ዕድል የላቸውም። እንግዲህ እኔ በእነሱ ስም ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ። የመቂ ልጅ ነው፣ 16 ዓመቱ። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት የቲማቲም ሳጥን ይጭናል፣ አመሻሽ ላይ ኳስ አለ። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ አበጠ። እናቱ «ይቺ ኳስ!» አሉ፣ አሠሪው «ብርድ ነው» አለ፣ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አሸው። አልሻል ሲለው ደግሞ አሸው። የአጥንት ካንሰር ቁመት በሚመዘዝበት ዕድሜ ጉልበት አካባቢ መውጣት ይወዳል፤ መታሸት ግን አይወድም። ልጁ ራጅ የተነሣው የትምህርት ቤት ሱሪው ጉልበቱን አላሳልፍ ሲል ነው።

ጎረቤቱ ያለችው ልጅ ደግሞ አንገቷ ላይ አብጦ የእጢ ቲቢ ተባለች። በቲቢ አገር መጠርጠሩ አያስወቅስም። 6 ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል መድኃኒቷን ዋጠች፣ ጎበዝ ተባለች። እብጠቱ ግን ሊምፎማ ነበር።

ከዚያ ጉዞ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፈጣን መንገድም ስሙን አላሳፈረም። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር እስከ ጨረር ማሽኑ ያለው መንገድ ግን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወራት ነው የሚለካው። የአገሪቱ የጨረር ሕክምና ለአሥርት ዓመታት እዚያ ብቻ ነበር። አሁን ጅማን የመሰሉ ተጨምረውለታል፤ ለአዳማና ለመቂ ሰው ግን መንገዱ ያው የድሮው ነው።

«ዕድሜ?» ይላል ካርድ ክፍል።

«16።»

በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሕፃናት ክፍል በ14 ወይም በ15 ዓመት ላይ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ልጁ አዋቂ ነው። የ70 ዓመት አዛውንት አጠገብ ይተኛል፤ ሌሊቱን የሽማግሌውን ሲቃ ያዳምጣል፣ ቀን ቀን ደብተሩን የሚጠይቀው የለም። ውጤቱ ሲመጣ ግን አባትየው ኮሪደር ላይ ይጠሩና በሹክሹክታ ይነገራቸዋል። ለምን? «ልጅ ነው፣ ይደነግጣል።» አልጋ ሲሰጠው አዋቂ፣ እውነት ሲነገረው ሕፃን! አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት መውለድን ሊያስቀር እንደሚችልም ሳይሰማ መርፌው ይገባለታል፤ ለአባት መንገር ነውር ነው፣ ለልጁ መንገር ገና ነው።

አልጋ ምን ያደርጋል እንዳይሉኝ። ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር፣ በአሥራዎቹ መጨረሻ ያሉ ወጣቶች በሕፃናት የሕክምና ቀመር ሲታከሙ በአዋቂዎች ቀመር ከሚታከሙት ይልቅ የመዳን ዕድላቸው እንደሚበልጥ ከታወቀ 20 ዓመት አልፎታል። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ልጁ የት እንደሚተኛ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚታዘዝለትም ሊወስን ይችላል።

እንግሊዞች በ1990 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ለዚህ ዕድሜ ብቻ የሚሆን ክፍል ከፍተዋል። እኛ ለንደንን አልጠየቅንም፤ ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት ክፍልም ትበቃናለች። እስካሁን ብዙውን ጉድለት የሞላው የወላጅ አንጀት ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ተስፋ አዲስም የወላጆች ድርጅት ነው፤ ከክልል ለሚመጡ ታማሚ ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል። ያዘነ ወላጅ ቢሮ ሲከፍት፣ ቢሮው ምን ሲያደርግ እንደነበር መጠየቅ ድፍረት ይሆንብኝና እተወዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለምን ቃል ሲያስገባ፣ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው በ2030 እ.ኤ.አ. እንዲድኑ ነበር ያለው። እርስዎም የተወለዱት በዓመቱ ነው። ከመሳቢያዎ ወጥተው ወራሽዎን ካገኙ ሦስት ነገር ይንገሩልን። የሕፃናት ካንሰር ክፍል በር ቢያንስ እስከ 19 ዓመት ክፍት ይሁን። ምርመራና ክትትሉ አዳማና ሻሸመኔ ላይ ይሠራ፣ አዲስ አበባ ለጨረር ብቻ ይኬድ። ውጤቱም ለልጁ በራሱ ጆሮ ይነገረው።

አንባቢ ሆይ፣ ዕቅዱ መልስ እስኪሰጥ አንተ አትጠብቅ። ልጅህ አጥንቱ ላይ ሌሊት የሚያነቃው ሕመም ወይም እያደር የሚጨምር እብጠት ካለበት አታሳሸው፤ ራጅ አስነሣው። የእጢ ቲቢ ተብላ መድኃኒት እየወሰደች እብጠቱ ያልጠፋላት ልጅ ካለችህም ናሙና እንዲወሰድላት ጠይቅ፤ ጠይቀህ ዝም ካሉህም ደግመህ ጠይቅ።

ከአክብሮት ጋር
ከአዳማ