የቮልስ ጉባኤ

ቮልስ ብቻውን መንገድ ዳር ከቆመ ተበላሽቶ ነው። ሠላሳ ሆኖ ከቆመ ትርኢት ነው። በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በአዘቦት ቀን «ይሄን ነገር መቼ ነው የምትገላገለው?» የሚባል ሰው፣ እሑድ ጠዋት ከመሰሎቹ ጋር ሲሰለፍ የቅርስ ጠባቂ ይባላል። መኪናው ግን ያው የትናንቱ ነው።

በስብሰባው ቮልስ የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቮልስ ድሮም ብዙ ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ለአዲስ አበባ የሚስማማው ደግሞ በጠባዩ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የለውም። ውኃ በፈረቃ በምትጠጣ ከተማ ውኃ የማይጠይቅ መኪና ቢወደድ አያስገርምም። የሌላ አሮጌ መኪና ባለቤት አቀበት ላይ ኮፋኖ ከፍቶ፣ ጄሪካን ይዞ እንፋሎቱ እስኪበርድ ሲጠብቅ፣ ባለ ቮልሱ በዝግታ ያልፈዋል። ከዝግታ ሌላ አማራጭም የለውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የሞተርን ጉልበት ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ባለ 1,200 ሲሲው ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ሲደርስ ሰባቱ ፈረሶች ከታች ቀርተው 27ቱ ብቻ ወጡ ማለት ነው። ከነዚያም ውስጥ ባለፉት 50 ዓመታት ስንቶቹ ጡረታ እንደወጡ ባለቤቱ መቁጠር አይፈልግም።

ስብሰባው የሚጀመረው ኮፋኖ በመክፈት ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ኮፋኖ ሲከፈት የሚታየው የቤንዚን ታንከርና ስኮርታው ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ሞተሩን ሰርቀውብዎታል!» ብሎ ይጮኻል። ባለቤቱም ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረውን ማብራሪያ ይጀምራል፤ አጭር ማብራሪያ የሚባል ነገር ግን በዚህ ጉባኤ አይታወቅም። ከስኮርታው ጋር የተያያዘችው ቀጭን ቱቦ ብቻዋን ሩብ ሰዓት ትወስዳለች። በብዙዎቹ ሞዴሎች የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውኃ የሚረጨው ከስኮርታው በሚመጣ አየር ነው። ፋብሪካው ስኮርታው ጨርሶ እንዳይተነፍስ ግፊቱ ሲወርድ የሚዘጋ ቫልቭ ሠርቶለታል። ቫልቩ ዛሬም መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ጎማ የፈነዳ ዕለት ነው፤ በዚያን ዕለት ባለቤቱ ቢያንስ ንጹሕ መስታወት ይኖረዋል።

ቀጥሎ የማዕረግ ጉዳይ ይነሳል። ማዕረግ የሚለካው በኋላ መስታወት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1953 የተሠራው ለሁለት የተከፈለ መስታወት ነበረው፤ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል መሳይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አራት ማዕዘን ነው። ባለ እንቁላሉ ከመጣ ባለ አራት ማዕዘኖቹ የማኅበር ሙሴ እንደመጣ ሁሉ ቦታ ይለቃሉ። መስታወቱ ያልረዳው ሰው በቀን መቁጠሪያ ይታገዛል። ሊብሬው ላይ 1966 የሚል መኪና፣ ገዢ ፊት ሲቀርብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1966 ነው። ጉባኤው ፊት ሲቀርብ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 1966 ይሆናል። የአንድ መኪና ዕድሜ እንደ አድማጩ ስምንት ዓመት ወዲያና ወዲህ የሚልበት ከተማ ብዙ የለም።

ከቮልስ ሌላ የትኛው መኪና ጉባኤው ይገባል የሚለው ክርክር ከዚህ ይከፋል። ፔጆ 404 ያለ ጥያቄ ይገባል። ሰይቸንቶም ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ በዘመድነት ይታለፋል። ጭቅጭቁ በላዳ ነው። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳ፣ ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተ መኪና ስለሆነ በዕድሜ አያንስም። ጥፋቱ ታክሲ ስለነበረ ሁሉም ሰው ተሳፍሮበት ማወቁ ነው። ታሪፍ የተከራከሩበትን መኪና እንደ ቅርስ ማየት ለብዙዎች ይከብዳል። ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ ላዳ ካልተከበረ ያገለገለ ሁሉ አይከበርም ማለት ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን ከጉባኤው ውስጥ አይገኝም።

መለዋወጫ ሲነሳ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ደህና ካርቡራተር ያለበትን ሱቅ የሚያውቅ ሰው ለወንድሙም አይናገርም። ምስጢረኛነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ከእንግዲህ የከተማዋ ቮልሶች ይቀንሱ እንደሆነ እንጂ አይጨምሩም። ስለዚህም በየመብራቱ «ጋሼ፣ ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። መልሱ ሁልጊዜ «አይሸጥም» ነው፤ ዋጋው ስንት ነው ሲባል ግን መልሱ ዝግጁ ነው።

በመጨረሻ በሰልፍ መንዳት አለ። የሰልፉ ፍጥነት የደካማው መኪና ፍጥነት ነው። አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ፤ ሁሉም ወርደው ካንዴላው ነው፣ ፍሪሲዮኑ ነው፣ ቤንዚን ጨርሶ ነው ይላሉ። የድሮዎቹ ሞዴሎች የነዳጅ ጌጅ ስለሌላቸው ሦስተኛው ግምት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ሲበተኑም ሥርዓት አለው። በቁልፍ የሚነሱት ቀድመው ይሄዳሉ፤ በግፊ የሚነሱት ገፊ ሳይበተን ይከተላሉ። በግፊም እምቢ ያለው እዚያው ያድራል፤ ሳይጠገን ከሰነበተም ለሚቀጥለው ስብሰባ በሰዓቱ የተገኘ ብቸኛው መኪና እሱ ይሆናል።