የቆጠራ ነገር

ዐዋቂ ዘንድ የሄደ ሰው የሚጠየቀው ስሙንና የእናቱን ስም ብቻ ነው። ደብተራው ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ይደምራል፣ በ12 በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከቡ ነው። ከዚያ ሐመል ነህ፣ ሰውር ነህ እያለ ሀብቱን፣ ሕመሙን፣ የትዳሩን ዕጣ ይነግረዋል። የሰውዬውን ፊት ቀና ብሎ ማየት እንኳ አያስፈልገውም። የዚህን ቆጠራ መጽሐፍ፣ ዐውደ ነገሥትን፣ የሚያወግዙ አሉ፤ እኔ ግን በልማት ሊቃውንቱ ዘንድ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም ባይ ነኝ። አሠራሩ እንከን የለውም፤ ትንቢቱ ካልሰመረ ሰውዬው የእናቱን ስም አሳስቷል ማለት ነው።

ይህን ጥበብ የናቀ መንግሥት ምን እንደሚገጥመው ደርግ አይቶታል። ግንቦት 1976 የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ አካሄደ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ ከ35 ሚሊዮን በታች ነው ተብሎ ሲገመት ኖሯል፤ ግምቱም ማንንም አላስቸገረም። ቆጠራው ግን 42 ሚሊዮን አለ፤ ያውም ጦርነት በነበረበት በኤርትራና በትግራይ ገጠር ቆጣሪ ሳይደርስ። አገር የአሥር ዓመት ዕቅድ ለማወጅ ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን ይህ ሁሉ ሚሊዮን እንግዳ ሳይጠራ ከተፍ ሲል አስቡት። እያንዳንዱ ደግሞ አፍ አለው።

ንጉሥ ዳዊት እንኳ ሕዝቡን አስቆጥሮ በቸነፈር 70,000 ሰው አልቆበታል። የገጠሩ ሰው «ስንት ልጆች አሉህ?» ሲባል «የእግዜር ናቸው» ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው። (ግብር ሰብሳቢውንም ሳይዘነጋ።) የደርግ ሰዎች ሳሙኤል ካልዕን ትተው ሌኒንን ነበር የሚያነቡት።

ደግነቱ ዕቅዱ አልተበገረም። መስከረም 1977 አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር መሪ ዕቅዱ ታወጀ፤ ኢኮኖሚው በየዓመቱ 6.5 በመቶ ያድጋል፣ ግብርናው 4.3 በመቶ። ነጥብ ሦስቷን ልብ በሉልኝ። ኮረም ሜዳ ላይ የተራበ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ እህል ሲጠብቅ አዲስ አበባ ላይ ነጥቧ እንኳ አልተዘነጋችም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና በ1976 አደጋ መጥቷል ብሎ ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ገበሬውን አይቶ ነው የተናገረው።

የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ደግሞ ነበር። ገበሬው የሚያስረክበው እህል የሚሰላው ጎተራው ውስጥ ካለው ሳይሆን ሊኖር ይገባል ከተባለው ነው። የጎደለበት ገበሬ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ በሬውን ይሸጥና ገበያ ወርዶ በውድ ዋጋ እህል ይገዛል፤ ያንኑ ተሸክሞ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። መዝገቡ ላይ «ኮታ ተሟልቷል» ይባላል። ሞኝ ነው የሚሉት ተሳስተዋል። ከሹማምንቱ ሁሉ ዕቅዱ በወጉ የገባው እሱ ነበር፤ የዕቅዱ መጽሐፍ ውሸታም እንዳይባል ከገዛ በረቱ የከፈለ ማን አለ?

ዕቅዱ እስከ 1986 ሊዘልቅ ታስቦ ግንቦት 1983 ላይ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄዱ። የዕቅድ ጉድለት አልነበረበትም፤ ዓመቶቹ ናቸው ያልበቁት።

የዛሬዎቹ ጌቶቻችን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ትምህርት ወስደዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ሲሆን ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ቀጣዩ ለ2010 ተቀጠረ፤ ወደ 2011 ተሸጋገረ፤ ከዚያም ዳግመኛ ተራዘመ። ከ2013 እስከ 2022 የሚዘልቀው ሌላው የአሥር ዓመት ዕቅድ ግን ቀን አላሳለፈም፣ ወጥቶ በሰላም እየተጓዘ ነው። ሳይጠራ መጥቶ የሚያስደነግጠው እንግዳም የለም። መወድስ ልቀኝላቸው ብዬ ሁለት ስንኝ ላይ ቆመብኝ፦

ዕቅዱን ጨርሰው አረፉ ጌቶቹ፣
አንድ ሰው ሳይቆጥሩ ኮከብ ቆጣሪዎቹ።

ስንት ነን ለሚል ሰው መልስ አይጠፋም። የአገር ቤቱ ትንበያ 110 ሚሊዮን ገደማ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ከ130 ሚሊዮን በላይ ያደርሰናል። በመሃል ያለው 20 ሚሊዮን ሕዝብ እንደሱ ያለ ጨዋ አላየሁም፤ ዕርዳታ ሲጠየቅ አለ፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲሰላ የለም።