ጊታሩ ተጠምቋል ወይ?

በእኛ በቡራዩ ሰፈር አንድ አዲስ ሥራ ገና መግቢያው ሳያልቅ ጉምሩክ ይቆምበታል። ፍተሻው አጭር ነው፦ «መዝሙር ነው ዘፈን?» መዝሙር ነኝ ካለ «የማን?» ይባላል። ዘፈን ነኝ ካለ «ድምፁን ጨምሩት» ይባላል። ጣጣው የሚመጣው ግጥሙ ፈጣሪን እያመሰገነ ጊታሩ የሚጮህ ሲገኝ ነው። ያኔ ዕቃው ተይዞ ይቆያል፤ ባለቤቱም እንዲያስረዳ ይጠራል። ዜማው ጥሩ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ፈታሽ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ዘሪቱ ከበደ በ2005 እ.ኤ.አ. በስሟ የሰየመችውን የመጀመሪያ አልበም ይዛ ስትመጣ ነገሩ ቀላል ነበር። ሮክ ሮክ የሚል ነገር ሲሰማን «ይቺ ልጅ እንኳን ለየት ትላለች» ብለን አለፍን። («ለየት ትላለች» ማለት በእኛ ዘንድ «ምንም አልገባኝም፣ ግን ኋላ ቀር እንዳልባል» ማለት ነው።) ቆይታ ስለ ወንጌላዊ እምነቷ በግልጽ መናገርና እምነቷን በሥራዋም ማሰማት ስትጀምር ግን ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ዘፈን ወዳዱ «ወሰዱብን!» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ዘሪቱ እኮ በሕይወት አለች፣ ድምፅዋም እንዳለ ነው። የጸሎት ቤቱ ወገን ደግሞ «መምጣቷ ደግ ነው፣ ግን ጠቅልላ አልገባችም» አለ። አንዱ ሄደች ይላል፣ ሌላው አልደረሰችም ይላል። መሀል መንገድ ላይ ምን እየዘፈነች እንደሆነ ወጥቶ ያየ የለም፤ የእኛ ሰፈር መንገድ ስለሆነ ተቆፍሮም ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ጎረቤቴ እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩን። ልጃቸው «እማዬ፣ ይኼን አዲስ መዝሙር ስሚ» ብሎ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆመው፤ ድምፁ እንዲጎላ። የፈጣሪ ስም ሲጠራ እትዬ «አሜን» አሉ። ድራሙ ሲገባ አማተቡ። ጊታሩ ሲጮህ «ዝጋው፣ ምን ጉድ ነው!» አሉ፤ ልጁ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ደግሞ «ቆይ፣ ቃሉን ልጨርስ» አሉት። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ እግራቸው ከረከቦቱ ሥር መሬቱን ይመታል።

«እትዬ፣ እግርዎ እኮ እየመታ ነው» አልኳቸው።

«እሱ ለደም ዝውውር ነው። ሐኪሙ አንቀሳቅሺ ብሎኛል።»

እኔ በዚህ ሰፈር የቡና ላይ ሃያሲ ነኝ። ምን ይመስልሻል ስባል ስኒዬን አስቀምጬ፣ ትንሽ ዝም ብዬ፣ «ድምፁ ጥሩ ነው፤ ቅንብሩ ግን…» እላለሁ። ቅንብሩ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ስለሌለ ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ጡረታ ትወስደኛለች።

ሱሉልታ ያሉ ዘመዶቼ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የተበላሸው ከስሙ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. «ጃኖ» የሚባል ባንድ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገውን «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም አወጣ። አያቶች «ጃኖ» ሲባሉ ባለ ጥለቱ ኩታ ትዝ ብሏቸው «እሰይ፣ የባህል ልጆች!» ብለው ቴሌቪዥኑን ራሳቸው አስጮኹት። ከዚያ ጊታሩ መጣ። በዚያ የሱሉልታ ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ጋቢ አልፈለገም።

«ይኼ የሚነዝር ድምፅ ለመንፈሳዊ ነገር አይሆንም» የሚለው ክርክር ከዚያ ቤት የወጣው ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ድረስ አለ። ክርክሩን በጣም የሚያጠብቁት አጎቴ ግን ሁዳዴ በገባ ቁጥር በገና ከፍተው በተመስጦ የሚቀመጡ ናቸው። በገና 10 አውታር አለው። ያ ውስጥን የሚነዝረው ድምፅ ከየት ይመጣል? አውታሩ ከሚያርፍበት ላይ እንዝራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ እሷ ጋ እየተነካካ ይነዝራል። ሮከኞቹ ይህንኑ ንዝረት ለማግኘት በዶላር የኤሌክትሪክ ሳጥን ገዝተው በእግራቸው ይረግጣሉ። ይህን ለአጎቴ ባስረዳቸው ረጅም ጊዜ አሰቡና «የእኛው ግን አይረገጥም» አሉ። መልስ አጣሁ።

ወደ ሰበታ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ክርክሩ በተሳፋሪ ብዛት ይባዛል። ከአየር ጤና ስንነሳ ሹፌሩ ፈጣሪን እያመሰገነ ጊታሩ የሚጮህ ነገር ከፈተ። ዓለም ገና ሳንደርስ የኋላ ወንበር «ይኼ የጴንጤ ነው» አለ፤ መሀል ያሉት እናት «ግጥሙ እኮ የኛ ነው» አሉ፤ በሩ አጠገብ ያለው ወጣት «ሮክ ሃይማኖት የለውም» ብሎ ሁሉንም አስቆጣ። ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ጦፈ፤ ስምምነት በሁለቱም ጠፋ። በመጨረሻ ዳኝነት የተጠየቀው ረዳቱ ነው። «እኔ የማውቀው ሒሳብ ነው» አለ፤ «ከኋላ ሒሳብ!»

ይህን ሁሉ የተከራከርነው እንግዲህ የሜታ አቦ ፋብሪካ ወዳለበት ከተማ ስንሄድ ነው። «አቦ» ብለን የምንሳልለት ጻድቅ ስሙ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ሲኖር ማንም ቢራውን መንፈሳዊ ነህ ዓለማዊ ብሎ አላስጨነቀውም። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠመቀው ጊዮርጊስም ያው ነው፤ ሰማዕቱ በፈረሱ እንደተቀመጠ ይቀርባል፣ ባዶውም በሣጥን ይመለሳል። እንዲያውም «ጊዮርጊስን!» ብሎ የሚጣራ ሰው ስለት ይሁን ሁለተኛ ዙር የሚለየው በሰዓቱ ነው። ጊታር ሲሆን ግን ሲኖዶስ እንሆናለን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ለንስሐ ያለን ፍቅር ነው፤ የሌላ ሰው ከሆነ። ሙሉቀን መለሰ ዘፈኑን ትቶ ወደ ዝማሬ ገባ፤ ሒሩት በቀለም እንዲሁ። «ተባረኩ፣ ደግ አደረጉ» አልን። ሙሉቀን በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ ግን ከንፈር እየመጠጥን በየስልካችን የተላላክነው ያንኑ እሱ የተወውን ዘፈን ነበር። ሰውየው ከተመለሰ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ገና በካሴቱ ላይ ነን።

ፈረንጁም አይሻልም። ቦብ ዲላን በ1979 እ.ኤ.አ. መንፈሳዊ አልበም አውጥቶ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ድሮ የሚታወቅበትን አልዘፍንም ሲል ከታዳሚው የጮኸበት ነበር። በማግስቱ ዓመት በዚያው አልበም ዘፈን የሮክ ግራሚ ሸለሙት። እዚያ የጮኸውና የሸለመው የተለያየ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን አንድ ሰው ይበቃ ነበር።

አሁን እውነቱን የሚያውቀው ፍላሽ ላይ ሙዚቃ የሚጭነው ልጅ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን በፎልደር አሰናድቶታል፦ የኦርቶዶክስ መዝሙር፣ የፕሮቴስታንት መዝሙር፣ ነሺዳ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ። ግርጌ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል አለ። ያ ሁሉ የምንጣላበት፣ ጊታሩ የሚጮኸው፣ ፈጣሪን የሚጠራው፣ የትኛውም ጉባኤ ያልተቀበለው እዚያ ነው ያለው።

«ይኼንን ማን ያስጭናል?» አልኩት።

«ብዙ የሚሄደው እሱ ነው። እትዬም አስጭነዋል። ግን ሁሉም ‹ለጓደኛዬ ነው› ነው የሚሉት።»

ሳቅሁ፤ እሱም ፍላሼን መለሰልኝና ሳቀ። የእኔው ግን የእውነት ለጓደኛዬ ነበር።