ዘጌ ላይ ዝም ልል ሄጄ

ነፍስ አባቴ ዘንድ ንስሐ ልገባ ሄጄ የጎረቤቶቼን ኃጢአት ዘርዝሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አባ እስከ መጨረሻው ታግሠው ሰሙኝና «የአንተስ?» አሉኝ። ለእኔ ጊዜ አልተረፈም፤ ደጅ ላይ ሌላ ተነሳሒ ቆሟል። እሱንም ስወጣ ምን ይዞ እንደመጣ ጠየቅሁት።

ለፍላፊነቴን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ልኩን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። እንዲያውም ወሬ የሴት ነው እያልኩ ባለቤቴን ስከራከር ነው የኖርኩት። ሴት በቀን 20,000 ቃል ትናገራለች፣ ወንድ 7,000 ይናገራል የሚለውን አባት አልባ ቁጥር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ነዝቻለሁ። ኋላ ሲጣራ ማቲያስ ሜል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 396 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ድምፅ መቅረጫ አስይዘው ቢያዳምጡ፣ ወንዱም ሴቱም በቀን 16,000 ቃል ገደማ ሆኖ አገኙት። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ለባለቤቴ ስነግራት ምንም አላለችም። አማካዩን ወደ ታች የምትጎትተው እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ወደ ላይ የሚያወጣውን መገመት አያዳግትም።

በዚህ ስሌት ሰው በ60 ዓመት ውስጥ 350 ሚሊዮን ቃል ያወጣል። ከራሴ ድርሻ ውስጥ ባልናገረው ኖሮ ሰው የሚጎዳበትን አንድ ቃል ለማግኘት ብዙ አሰብኩ። አንድ ሌሊት «እሳት! እሳት!» ብዬ ሰፈሩን የቀሰቀስኩት ትዝ አለኝ። ጎረቤቴ ቡና እየቆላች ነበር።

አባ ቀኖናዬን ሲሰጡኝ አጭር ነበሩ፦ «ዘጌ ሂድና አንድ ሱባኤ በአርምሞ ተቀመጥ።» ዘጌ የእናቴ አገር ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ያሉት ሁሉ ለምን ወደዚያ እንደምሄድ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ያውቁ ነበር። ገዳም ውስጥ ማረፍ ሲገባኝ አክስቴ ቤት አረፍኩ። አክስቴ ቃል እንደ በርበሬ በቁንጥር የምታወጣ ሴት ናት፤ ከእሷ ጋር ዝም ማለት አያቅትም ብዬ ነው።

ዝም ማለቱ አቃተኝ፤ ለስንፍናዬ ግን ሰበብ አላጣሁም፤ ዘጌን ራሷን ከሰስኩ። ዘጌ አይታረስም፤ በሬ አይጠመድበትም። ሌላው ገበሬ ቢያንስ ግማሽ ቀኑን የሚያወራው ከበሬው ጋር ነው፤ የዘጌ ሰው በሬ ከሌለው ከሰው ሌላ ከማን ጋር ያወራል? በገዳማቱ እንደሚተረከው፣ አቡነ በትረ ማርያም በበትራቸው ምክንያት ከእግዚአብሔር ያገኙት በረከት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እስቲ አስቡት! ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ጌሾው ጠላና ጠጅ ሆኖ ዲዳውን ያናግራል። ሎሚው በወሬ ለሰለለ ጉሮሮ ይመጠጣል። መነኮሳቱ ጸጥታ ፍለጋ የገቡበት ጫካ የአገሩን ወሬ ስንቅ ሲያበቅል ኖሯል። ይህን ግኝቴን ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ ባብራራላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። (አዎ፣ ሱባኤ ላይ ነበርኩ።)

ሌላው መከላከያዬ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ዝም በል በተባልኩ ቁጥር እጠራቸዋለሁ፦ ዘጌ ተወልደው፣ ጣልያን ተሻግረው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተሙ ሰው! የዘጌ ልጅ ቃል ቢበዛበት ምን ይፈረድበታል? ለአክስቴም ይህንኑ አልኳት። እሳቱን እያራገበች «ጅማስ?» አለችኝ። እኔ ታሪኩን የማወራው እስከ ሮም ድረስ ብቻ ነው። በወረራው ዘመን ለጣልያን አድረው «አፈ ቄሳር» መባላቸውን፣ ነፃነት ሲመለስም ጅማ ተግዘው እዚያው መሞታቸውን እዘለዋለሁ። አክስቴ በአንድ ቃል የኔን የሃያ ደቂቃ ንግግር አፈረሰችው። እንዲህ ያለ ቁጠባ በሕግ መከልከል ነበረበት።

በአክስቴ ተሸንፌ የአበው ታሪክ ውስጥ መድኃኒት ፈለግሁ። የግብፁ አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምዱ ሦስት ዓመት በአፋቸው ድንጋይ ይዘው ኖሩ ይባላል። እኔም ከአክስቴ ስጥ ላይ ጥሬ ቡና አንስቼ ምላሴ ሥር አደረግሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ጉንጬ አብጦ ያየ ሁሉ «ጥርስህን ነው?» ማለቱ ነው። ለእያንዳንዱ ቡናውን መዳፌ ላይ ተፍቼ የአባ አጋቶንን ታሪክ ከግብፅ በረሃ ጀምሬ አስረዳሁ፤ ከዚያ ቡናውን ወደ ቦታው መለስኩ። ማምሻውን የመንደሩ ሕፃናት ታሪኩን ከእኔ በተሻለ ያወሩት ጀመር።

ከሁሉ የከፋው ግን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የደረሰብኝ ነው። የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነውን ሥዕል እያየሁ በላዔ ሰብእ ዘንድ ደረስኩ፤ ያ 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። የሰው ሥጋ መብላትማ ሐሜትም አይደል? እሱ 78 ሰው ለመጨረስ ስንት ዘመን ፈጅቶበት ይሆናል፤ እኔ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቡና ተጠጥቶ እስኪያበቃ፣ ዘመድ አዝማዱን ጨምሬ፣ ከዚያ የማላንስ እፈጃለሁ። ያውም በፈንዲሻ። ለተጠማ ውኃ የሰጠሁበትን ቀን ሳስታውስ ደግሞ፣ ሰውየው ጠጥቶ እስኪጨርስ በወሬ ይዤው ጀልባ እንዳመለጠው ትዝ አለኝ። ይህ ሐሳብ እንባዬን አመጣው። ዓይኔን ጠርጌ ዘወር ስል ከኋላዬ ጎብኚዎች ነበሩና እንዴት እንደተጸጸትኩ ነገርኳቸው። አስጎብኚያቸው ሥራውን ስለቀማሁት እስከዛሬ ሰላም አይለኝም።

ባሕር ዳር ተመልሼ ስለ ሱባኤዬ ከአንድ ወር በላይ አወራሁ፤ ስለ ዝምታ ጥቅም እንደ እኔ የተናገረ የለም። አባ ሰምተው ኖሮ ሳገኛቸው ሳቃቸው መጣ። ቀኖናውንም አቀለሉልኝ፦ አክስቴ ዘንድ ተመልሼ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ እሷ የምታወራውን ብቻ ሳላቋርጥ ልስማ።

ሄድኩ። አቦሉ በሰላም አለፈ፤ አክስቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ስለዚህ የማቋርጠው አልነበረም። ቶናው ሲቀዳ ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ድንገት ጀመረች። «የተዳርኩ ዕለት፣ በታንኳ ሲያሻግሩኝ፣ መሐል ሐይቅ ላይ ነፋስ ተነሣና...»

«ሚዜው ጣና ውስጥ ወደቀ!» አልኩ። እናቴ ነግራኝ ነበር።

አክስቴ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች። «በል እንግዲህ አንተው ጨርሰው፤ እኔ እንደሁ አልነበርኩበት።»

ጨረስኩት።