አካለ መጠን ከቧንቧ አንጻር

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ድንጋጌው ለመዝገብ ቤት ይመቻል፤ ለሳይንስ ግን አይበቃም። አዲስ አበባ ውስጥ 30 ዓመት አልፎት፣ ዲግሪ ጭኖ፣ ጢሙንም አሳድጎ፣ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ በየትኛው ቀን እንደሚውል የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ያው ሕግ ያገባ ሰው ከ18 በፊትም ከሞግዚት ነፃ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ሕግ አውጪው እውነቱ አጠገብ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አጭር ነው፦ ሰው አካለ መጠን የሚያደርሰው ሌሊት ቧንቧው ሲያስነጥስ ሳይቀሰቅሱት የነቃ ዕለት ነው።

ማስረጃው ከራሱ ከውሃው ይነሳል። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለሁሉም በአንዴ አይዳረስም። ቀን ቀን የታችኛው ሰፈር ስለሚቀዳ ግፊቱ ይደክማል፤ ከተማው ሲተኛ ውሃው ዳገቱን ይወጣል። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው ውስጥ የታፈነው አየር እያፏጨ ይወጣል፤ አስከትሎም ዝገት የመሰለ ውሃ ይተፋል። አምስት ሰው ከተኛበት ቤት በዚህ ሰዓት የሚነሳው አንዱ ነው። የአራቱም ጆሮ ጤነኛ ነው፣ ስልክ ቢጠራ ይሰማሉ፤ የቧንቧን ፉጨት የሚለይ ጆሮ ግን አብሮ አይወለድም። የነቃው ሰው የደፈረሰውን ለሽንት ቤት ባልዲ ይለያል፣ ሲጠራ ጀሪካኖቹን በተራ ይሞላል፣ እንዳይፈስበትም ቆሞ ያንቀላፋል። ጠዋት ቤተሰቡ ፊቱን እየታጠበ «ውሃ መጥቶ ነበር እንዴ?» ይለዋል። ምስጋና ያቀረበ ሰው በጥናቱ አልተመዘገበም።

«እንግዲያው ሮቶ ያስተከለ ሰው ዕድሜ ልኩን ሕፃን ሊሆን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሮቶ ጭንቀቱን ጣሪያ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ አያጠፋውም። ውሃውን ለመግፋት ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ የመብራት ካርዱ ደግሞ የሚያልቀው እሁድ ማታ ነው (ይህ ለብቻው ቢጠና ይገባዋል)። ልጆችም ይሸከማሉ የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማድረሱም ቀልድ አይደለም። ጉልበት ግን መለኪያችን አይደለም። ልጁ ተልኮ ይሸከማል፣ አስቀምጦ ይረሳል። አዋቂው ልቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ እንኳ፣ ስንት ጀሪካን እንደቀረ ያሰላል።

አንድ ተቃውሞ ግን ከሁሉም ይከብዳል። በገጠር እንስራ አዝላ ምንጭ የምትወርድ የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርቷ የምትቀረው የቤቱን ውሃ ተጨንቃ ነው፤ በዚህ መለኪያ አካለ መጠን ካደረሰች ሰንብታለች። ለእርሷ ጥናቱ መልስ የለውም፤ የሚያስፈልጋት ቧንቧ ነው።

ለከተሜው ግን ሕግ አውጪዎች ዕድሜን ትተው ፈረቃን እንዲመለከቱ እንጠይቃለን። እስኪሻሻል ድረስ፣ ዛሬ ተራው የሰፈርዎ ከሆነ፣ ከመተኛትዎ በፊት ጀሪካኖቹን አለቅልቀው ይደርድሩ።