ሎሚውን ለዓሣው ተዉልን

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ገዝተን ገባን። ዓሣው ታጠበ፣ ጨው ተነሰነሰበት፣ መጥበሻው ጋለ። ሎሚ ሲፈለግ ሎሚ የለም። ማክሰኞ 5 ፍሬ ገዝተን ነበር። ሁለቱ ተጨምቀው ምድጃ ታጥቦባቸዋል። ሁለቱ ፍሪጅ ተወልውሎባቸዋል። አምስተኛው ለሁለት ተከፍሎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ የመክተፊያ ጣውላ ሲፈገፍግ ውሏል። ዓሣችንን ያለ ሎሚ በላን። ምድጃችን ግን እስከ ዛሬ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ይኼ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። የሰው ቤት እንገባለን፣ አፍንጫም አለን። ድሮ እንግዳን በር ላይ የሚቀበለው የቡና ወይም የሽሮ ሽታ ነበር። ዘንድሮ አቼቶ ነው። ሳሎኑ ሰላጣ ሰላጣ ይላል፣ መጋረጃው ሰላጣ ይላል፣ ሕፃኑን ስንስመው እሱም ሰላጣ ነው። ምን እንደሆኑ ስንጠይቅ መልሱ ሁሉም ቤት አንድ ነው፦ «ኬሚካል ትተናል። አሁን በተፈጥሮ ነው የምናጸዳው። ሁሉም ነገር ከኩሽና ነው።»

ከኩሽና! እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበን። ይኼን በሚያስተምረው ቪዲዮ ላይ ያለችው ሴትዮ ፈገግ ብላ «ቤታችሁ ውስጥ ባሉ ነገሮች ብቻ» ትልና መዘርዘር ትጀምራለች። ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ ኪሎ። ነጭ አቼቶ 1 ሊትር። የላቬንደር ዘይት 10 ጠብታ። ቦራክስ። የማን ቤት ነው ይኼ? እኛ ቤት ያለው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዘይት (እሱም ሲገኝ)፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ከፋሲካ የተረፈ እርድ ነው። በእርድ ምን ይጸዳል? እርድ ራሱ የነካው ነገር አይጸዳም።

እሺ፣ ይገዛ ተባለ። ሱቅ ሄድን። «ቤኪንግ ሶዳ አለ?» «አለ።» የተሰጠን ቤኪንግ ፓውደር ነው። «ይኼ ፓውደር ነው እኮ።» «ያው ነው ጋሼ፣ ሁለቱም ዳቦ ይነፋሉ።» ለዳቦው ያው ይሁንለት፤ ለምድጃው ግን ያው አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ ከሶዳው ጋር ደረቅ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል። ውሃ ሲነካው ኃይሉን እዚያው ተንፍሶ ይጨርስና የሚቀረን ገንፎ ነው። ምድጃ ላይ የደረቀ ገንፎ ፍቆ የሚያውቅ ሰው የምንለው ይገባዋል። ቅባት ልናነሳ ሄደን ምሳ ጨመርንበት።

ሶዳው ተገኘ እንበል። አሁን ከአቼቶ ጋር ይደባለቅ ይባላል። ይደባለቃል። ይንተከተካል፣ ይፎላል፣ አረፋው ከሳህኑ ዘሎ ይወጣል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ። እኛም «አቤት ኃይል!» አልን። ለካ ያ ሁሉ ግርግር ኃይሉ ሲወጣ ነው እንጂ ሲሠራ አይደለም። አቼቶው አሲድ፣ ሶዳው አልካሊ፤ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል። ጋዙ በኖ ሲያልቅ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ውሃና ትንሽ ጨው ቢጤ ነው። ለየብቻቸው ሁለቱም ሥራ ያውቃሉ። አቼቶ የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ሟምቶ እንዲወርድ ያደርገዋል፣ ይኼን በዓይናችን አይተን መስክረናል፤ ሻያችን ለሦስት ቀን ቢኮመጥጥም። ሶዳም የድስት ጥቀርሻ ይፍቃል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እንደ ኮሚቴ ናቸው። ጫጫታው ብዙ፣ ሥራው የለም።

የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ሲደፈን ይኼንኑ ኮሚቴ አፈሰስንበት። ሦስት ጊዜ። ፎላ፣ ተንጫጫ፣ ዝም አለ። ውሃው እንደቆመ ነው። በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ፣ ከሥር ፈታው፣ አንድ እፍኝ ሩዝና የማን እንደሆነ እስከ አሁን ያልታወቀ የፀጉር ማስያዣ አወጣ። ከዚያ ባልዲውን አሸተተና «ሰላጣ ትደፉበታላችሁ እንዴ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ከፈልነው።

የመስኮቱን ማርብል አናነሳውም። ሎሚ ማርብልን እንደሚበላው ማንም አልነገረንም፤ አሁን ወዙ ጠፍቶ አመዳም ሆኗል፣ የአበባ ማስቀመጫ ደርድረን ሸፍነነዋል።

ከሁሉ የባሰው ግን ሃይላንዱ ነው። የተሠራው ነገር ሁሉ ሃይላንድ ውስጥ ይገባል። ድሮ ባዶውን ቆራሌው ይወስደው ነበር፣ አሁን «ይፈለጋል» ተብሎ አይሰጥም። ፍሪጁ አናት ላይ ሦስት ተሰልፈዋል፤ አንዱ አቼቶ፣ አንዱ የሎሚ ውሃ፣ አንዱ ውሃ። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ መለያም የላቸውም። የእህታችን ባል ደክሞት ከሥራ ገባ፣ አንዱን አነሳ፣ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። ፊቱን ያላየ ሰው አቼቶ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ቤት ሲመጣ የሚጠጣውን ይዞ ነው።

እሱስ አቼቶ ስለሆነ ተስቆ አለፈ። በረኪና ቢሆንስ? በረኪናም አቼቶም ስማቸውን ከጣሊያንኛ ይዘው መጥተው እኛ ቤት ያረጁ ናቸው። አብረው ግን አይኖሩም። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው ሳንባ ነው። መስኮት በሌላት ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ፣ «ኃይል እንዲኖረው» ብሎ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው አለ። እናውቀዋለን። ሳሙናው አልበቃው ያለ ጊዜ ሁላችንም እሱን ልንሆን ምንም አይቀረን። ፈገግ የምትለው ሴትዮ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አትተነፍስም።

ደግሞ ይኼን ሁሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚነግሩት ለእኛ ነው። ለእኛ! ድስት በአመድ ሲፈተግ አይተን ላደግነው። አመዱ ራሱ አልካሊ ነው፣ ከድስቱ ቅባት ጋር ሲታሽ ሳሙና ቢጤ ይወጣዋል። እንስራው በግራዋ ቅጠል ይታጠብ ነበር፣ በጥንጁትና በወይራ ይታጠን ነበር። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሽ ነበር። ነጠላና ጋቢ ደግሞ በእንዶድ። ደርቆ የተወቀጠ እንዶድ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው አረፋ የሶዳውን ግርግር ያስንቃል፤ ያውም እየሠራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተከምሮ አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነበርና ምርምሩ ከዚያ ተነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉበት። በነገራችን ላይ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉን ሰዎች ያንን ቀንድ አውጣ ቢጠይቁት ጥሩ ነበር።

ታዲያ ወደዚያው እንመለስ አልን። በምን? አራተኛ ፎቅ ላይ አመድ ከየት ይመጣል? እሁድ ቡና ሲፈላ ከከሰሏ የምትተርፍ አንድ እፍኝ ናት፣ እሷም እስክትሰበሰብ ንፋሱ ሳሎን ይበትናታል። ግራዋው ጓሮ ነበር፤ ጓሮው ፎቅ ሆነ። ጥንጁት ብናጨስ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ይጮኻል። እንዶድ ሲባል ልጆቻችን የሰው ስም ይመስላቸዋል።

ይኼም ይሁን። የመጨረሻዋ መመሪያ ግን አለች፣ ሁሉም ቪዲዮ ላይ አለች፦ «በብዙ ውሃ ያለቅልቁ።» ብዙ ውሃ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያውም ሌሊት 9 ሰዓት ሲመጣ፣ ባልዲ ይዘን በእንቅልፍ ልባችን ለምንሰለፍ ለእኛ! በርሜሉ ይሞላ ወይስ ሶዳው ይለቅለቅ? በርሜሉ ተሞላ። ሶዳው ወለሉ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ካልሲያችን ይመሰክራል።

ዛሬ 3 ሎሚ ገዝተናል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር ደብቀናቸዋል። እንዶድ የሚሸጥበትን ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። ካገኛችሁም ላኩልን፤ በሃይላንድ አድርጋችሁ ግን አትላኩ።